አንቀልባ ወይስ ዘለበታም ማዘያ? ጥያቄዬና 19ኙ መልሶች

ሰላም እህቶቼና ወንድሞቼ። ቅዳሜ ማታ ልጄ እቅፌ ላይ ተኝታ፣ በአንድ እጄ የጻፍኩት ጥያቄ በሦስት ቀን ውስጥ 19 መልስ አገኘ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ጥያቄውን ልድገመውና መልሶቹን በየተራቸው በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። አንዳንዱ አናዶኛል። አንዱ አስለቅሶኛል። አብዛኛው ግን ጠቅሞኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 7 ሳምንቷ ነው፤ የመጀመሪያዬ ናት። በመቀመጫዋ ስለመጣች የተገላገልኩት በኦፕራሲዮን ነው። አማቴ ሊያርሱኝ ከጎንደር መጥተዋል። ሻንጣቸውን ከፍተው ከበርበሬውና ከሽሮው በፊት ያወጡልኝ አንቀልባ ነው። ባለቤቴና ሁለት እህቶቹ የታዘሉበት አንቀልባ። ቆዳው ጠቁሯል፤ ዛጎሉ ግን ዛሬም ነጭ ነው። አንደኛው ማንገቻ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል። ባለቤቴ ደግሞ ወገብ ላይ ታስሮ ትከሻ ላይ በዘለበት የሚቆለፍ ማዘያ በ180 ዶላር ሊያዝዝ ነው። እኔ መሃል ላይ ነኝ። አማቴን ማስቀየም አልፈልግም። የልጄን አንገትና ዳሌም እፈራለሁ። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ88 ነው፣ እኔ 1 ሜትር ከ56። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሥራ እገባለሁ፤ ልጄን የሚይዙልኝ አማቴ ናቸው። የቱ ይሻላል?

1ኛው መልስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ መጣ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ጀመረች። ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው በዘለበታሙ እንደሆነና ብዙ ማሰብ እንደማያስፈልገኝ ጻፈች። ለምን እንደሚሻል ግን አልነገረችኝም።

2ኛዋ ከአዲስ አበባ ናት፣ የአራት ልጆች እናት። ለማዘያ 180 ዶላር ማውጣት ጨርሶ አልገባትም። እሷ አራቱንም ያዘለችው በነጠላና በፎጣ ነው። አስተሳሰሯን ደረጃ በደረጃ አስረዳችን። ጎንበስ ትላለች። ልጁን ጀርባዋ ላይ ታጋድማለች። ፎጣውን ከላይ ጣል አድርጋ በብብቷ ሥር አሳልፋ ደረቷ ላይ ትቋጥራለች። የታችኛውን ጫፍ ከልጁ መቀመጫ ሥር አጥብቃ ወገቧ ላይ ታስራለች። ያኔ የልጁ እግሮች ወገቧን አቅፈው ይቀመጣሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጣል አድርጋ ሄደች፦ ይህን ሁሉ የምታደርገው የልጁ አንገት ከጠና በኋላ ነው። ያን ቃል በመጀመሪያው ንባብ አላየሁትም። እናንተም አላያችሁትም መሰለኝ፣ ምክንያቱም ብዙው ጭቅጭቅ የመጣው እሱን ዘለን ስላለፍነው ነው።

3ኛው መልስ ረጅሙ ነው። የጻፈችው ሲያትል ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። ጥያቄዬን ራሱን አረመችው። የአንቀልባና የዘለበት ምርጫ ሁለተኛ ነገር ነው አለች። የመጀመሪያው የልጅቷ ዕድሜና አንገቷ ነው። ከአራት ወር በታች ያለ ሕፃን ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ነው። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ቀጭኗ የመተንፈሻ ቧንቧ ትታጠፋለች። ልጁ ታፍኖ አያለቅስም፣ አይንፈራገጥም። ዝም ይላል። እናት ደግሞ ተኛልኝ ብላ ደስ ይላታል። በፈረንጆቹ 2010 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ጠቀሰች። በዚያን ጊዜ ኮሚሽኑ ትከሻ ላይ ከሚንጠለጠሉ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ፣ በ20 ዓመት ውስጥ የደረሱ ቢያንስ 14 ሞቶችን እየመረመረ ነበር። ከእነዚህ 12ቱ ከአራት ወር በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። ይህን ሳነብ ልጄን ቀና አድርጌ አየኋት።

ከዚያ እንግሊዝ አገር የማዘያ አምራቾችና ሻጮች ተስማምተው ያወጡትን አምስት ምልክት ዘረዘረች። ማሰሪያው ጠበቅ ያለ ይሁን፣ ልጁ ወደ ታች አይንሸራተት። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይሽ፣ ጨርቅ አይሸፍነው። አንገትሽን ዝቅ ብታደርጊ ግንባሩን መሳም የምትችይበት ከፍታ ላይ ይሁን። አገጩና ደረቱ መሃል ቢያንስ አንድ ጣት ይግባ። ጀርባው የተደገፈ ይሁን፣ አይጣጠፍ። ያለጊዜው የተወለደ፣ ክብደቱ ያነሰ ወይም ጉንፋን የያዘው ልጅ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ ብላለች። ለእኔ ለብቻዬ የጨመረችው ደግሞ አለ። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ጠንካራ የወገብ ቀበቶ ቁስሏ ላይ ሊያርፍባት ይችላል። ስለዚህ ለአሁኑ እንደ ሞቢ ያለ፣ 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሚለጠጥ ጨርቅ ትከሻና ደረት ላይ ጠቅልዬ ልጄን ደረቴ ላይ እንድይዛት መከረችኝ። ለማንኛውም ቁመት ይሆናል። አሮጌም ቢሆን ካልተበሳና ካልላላ ይሠራል።

4ኛው ከስቶክሆልም የጻፈ አባት ነው። እዚያ ወላጆች በአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ አላቸው፤ ከዚያ 90ው ለእያንዳንዳቸው የተጠበቀ ነው፣ ለሌላው አይተላለፍም። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ ልጅ ደረቱ ላይ ያሰረ ወንድ ነው። እሱም ልጁን አስሮ ሐበሻ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ሰው ያየው እንደነበር፣ በኋላ ግን የአገር ልጆች አባቶች የት እንደገዛው ይጠይቁት እንደጀመር አጫወተን። የሚጠቀመው የስዊድኑን ቤቢቢዮርን ነው። ኩባንያው የመጀመሪያውን የደረት ማዘያ ያወጣው በ1973 ነው። ስለ ብርድም መከረን። ማዘያውም፣ የአባትየው ገላም ራሱ ሙቀት ነው። ልጁን በወፍራም ካፖርት ጠቅልሎ ማዘያ ውስጥ መክተት በላብ ያጠምቀዋል፤ ማሰሪያውንም ያላላል። ስስ ልብስ አልብሶ የአዋቂውን ጃኬት ከውጭ መደረብ፣ ፊቱን ግን ክፍት መተው ነው። ለክረምቱ ይህን ይዣለሁ። ልጁ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ዓለምን እያየ አደገ ብሎም ጻፈ።

5ኛዋ እዚህ ጋ ያዘችው። በጨዋ ቃል፣ ግን ምንም ሳትሸፋፍን። አንገቱን ያልቻለ ልጅ ፊቱን ወደ ውጭ አይዞርም። ከአራት፣ ከአምስት ወር በኋላም ቢሆን ለአጭር ጊዜ ነው፤ እንቅልፍ ሲመጣበት ወደ ደረት መመለስ አለበት። ከዚያ ወደ ዳሌ ገባች። የእሷ ልጅ እንደ እኔዋ በመቀመጫዋ የመጣች ናት። በስድስት ሳምንቷ በአልትራሳውንድ ሲታይ የጭን አጥንቷ ራስ ጉድጓዱ ውስጥ በደንብ አልተቀመጠም ነበር። 10 ሳምንት የፓቭሊክ ማሰሪያ የሚባል የዳሌ መያዣ ለበሰች፣ ጉልበቶቿ ተከፍተው፣ ቀንና ሌሊት። ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትሮጣለች። ከዚያ ያወቀችውን ነገረችን። ጥሩ ማዘያ መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ይደርሳል። ልጅቷ እንደ እንቁራሪት ትቀመጣለች፣ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ። እግር ቁልቁል የሚያንጠለጥል ጠባብ መቀመጫ ለሰዓታት አይሆንም። እግር ዘርግቶ አጥብቆ መጠቅለል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ልጆቻቸውን ጀርባ ላይ እግር ከፍተው በሚያዝሉ ሕዝቦች ዘንድ ይህ የዳሌ ችግር ብዙ አይታይም ብላም አከለች። በመቀመጫ የመጣች ሴት ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ቤተሰብ ውስጥ የዳሌ ችግር ያለባት ከሆነች አልትራሳውንዱን አትዝለሉ። እኔ ባለፈው ሳምንት አስነስቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት።

የስቶክሆልሙ አባት በዚያው ሥር ስህተቱን አምኖ አመሰገናት። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

6ኛው ጋሪ ግዢ አለ። ይኸው ብቻ። የምኖርበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም።

7ኛዋ ነገሩን አከረረችው። አንቀልባ የገጠር ነገር ነው፣ ቆዳው ይሸታል፣ ሜትሮ ውስጥ ሰው ያፈጥብሻል፣ ልጅሽን ዛጎል ላይ አስረሽ ምን ልታሳዪ ነው የሚል ነው መልእክቷ። ጊዜው ያለፈበትን ነገር ባህል እያሉ መጎተት ልጅ ላይ መቀለድ ነው ብላ ደመደመች። አማቴ ጎኔ ተቀምጠው ስለነበር ስልኩን ገልበጥኩት። ማንበብ ባይችሉም ከፊቴ እንዳያውቁብኝ ፈራሁ።

8ኛው መልስ ነው ያስለቀሰኝ። የጻፈችው ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው። ከ7ኛዋ ጋር ረጅም ክርክር አልገጠመችም። እናቷ በ1984 ከጎንደር ገጠር ተነስተው ሱዳን ድረስ በእግራቸው መሄዳቸውን ነገረችን። ታላቅ ወንድሟ ያኔ ዓመት አልሞላውም ነበር። መንገዱን የሚጓዙት በሌሊት ነው። ልጁ ካለቀሰ ሁሉም ይያዛል። እናቷ አንቀልባውን ለሳምንታት ከጀርባቸው አላወረዱም። ልጁ የእናቱን እርምጃ እየሰማ ተኝቶ ይጓዝ ነበር። በመንገድና በሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያን አልቀዋል፤ ወንድሟ ግን ተረፈ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። አንቀልባው እናታቸው ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሠርግ ፎቶዎቹ በላይ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ለ7ኛዋ አለች። ያንን ቆዳ ይሸታል የሚል ሰው እናቷ ቤት መጥቶ ያሽተው። ከዚህ በኋላ ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

9ኛው የታሪክ ነገር የሚወድ ሰው ነው፣ ከለንደን። ፈረንጅ ዛሬ የሚሸጥልን የደረት ማዘያ ራሱ ከአፍሪካ እናቶች የተቀዳ ነው አለ። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰላም ጓድ፣ በአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ቶጎ ሄዳ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን በጨርቅ ጀርባቸው ላይ አስረው ገበያ ሲውሉ፣ ልጆቹም ሲረጋጉ አየች። አገሯ ተመልሳ ልጅ ስትወልድ እንደዚያ ልታስራት ሞከረች፤ ልጅቷ ተንሸራተተችባት። እናቷ ማንገቻና ከረጢት ያለው ሰፉላት። ያ ስናግሊ ተብሎ በ1969 ፓተንት አገኘ፤ አሜሪካን የለስላሳ ማዘያ ያለማመደውም እሱ ነው። ሰውየው ከዚህ ተነስቶ የገንዘብና የፍትሕ ሙግት ውስጥ ገባ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። አን ሙር ያየችው የእናቶቹን ጀርባ ነበር፤ መፍትሔዋ ግን ከአሜሪካ ሕይወት ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ተሰፋ። እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው።

10ኛው የአንድ አባት መልስ ነው። ባሕር ዳር የሚኖሩ፣ አባታቸው ቆዳ በማልፋት ይተዳደሩ የነበሩ። በትሕትና፣ 7ኛዋ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም ብለው ጀመሩ። የድሮ አንቀልባ ሲከማች ይበላሻል። የለፋ ቆዳ ቅቤ ወይም ቅባት ካላገኘ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የሚበጠሰውም ሁልጊዜ ክብደት የሚሸከመው ቦታ ላይ፣ ማንገቻው ከገላው ጋር በተሰፋበት ነው። እንዴት እንደሚፈተን አስረዱኝ። ማንገቻውን አጥፈሽ እዪ፤ ስንጥቁ ነጭ ሆኖ ከተከፈተ ያ ቆዳ ሞቷል። ስፌቱን በጥፍር ሳብ ሳብ አድርጊው። ከዚያ ከልጁ እጥፍ የሚከብድ እህል በከረጢት አድርገሽ ውስጡ አስቀምጪና አንድ ሌሊት ምሰሶ ላይ ስቀዪው። ካለፈም ልጁን ሳይሆን እህሉን አዝለሽ ቤት ውስጥ ተራመጂበት። ዛጎሉንና ዶቃውን አንድ በአንድ ነካኪው፤ የላላ ካለ ይውጣ፣ ልጅ ይውጠዋል። ያለፈው ትውልድ አንቀልባ ቅርስ ስለሆነ ብቻ ልጅ አይጫንበትም ብለው ደመደሙ። እንዲህ ዓይነት መልስ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። የእኔ አንቀልባ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቋል። ስንጥቁ ነጭ ነው።

ከ11ኛው እስከ 14ኛው ወሬው ከመስመር ወጣ። 11ኛዋ ማዘል የልጅ እግር ያወላግዳል፣ የእህቷ ልጅ ምስክር ነው አለች። 12ኛው መልስ የነርሷ ነበር። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ እግሩ ቆልመም ያለ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት ራሱ ይቃናል፣ ማዘል አያመጣውም። በእርግጥ የሚያወላግደው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ፣ በተለይ ቆዳው ጠቆር ያለና ብርድ አገር የሚኖር፣ በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ያስፈልገዋል። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይጠቅምም። ከዚያ እርግብግቢት ላይ ቅቤ ይደረግ አይደረግ የሚል ተነሳና ጥቂት ተሟገቱ። 13ኛዋ ደግሞ ልጅሽን አዝለሽ ከዋልሽ እቅፍ ትለምድብሻለች፣ በኋላ መቀመጥ አትችዪም ብላ አስጠነቀቀችኝ። 14ኛዋ መለሰችላት። በ1986 ሞንትሪያል ውስጥ 99 እናቶችን ከሕፃኖቻቸው ጋር የተከታተለ ጥናት ነበር። በቀን ተጨማሪ ሰዓት የታቀፉት ሕፃናት ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው ካልታቀፉት 43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። የራሷንም ነገረችን። ልጇ አዲስ አበባ ስትወለድ 1,600 ግራም ነበረች። በነጠላ ደረቷ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አስረው ሰጧት። በ1978 ቦጎታ ላይ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ ማለት ነው። ልጇ እቅፍ ለምዳ እንደሆነ እግዚአብሔር ይመስገን ብላለች። ልጇ በዚህ ዓመት አሥረኛ ክፍል ገብታለች።

15ኛው መልስ ማታ ዘግይቶ ከዱባይ መጣ። ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። የአሠሪዋን ልጅ የምታዝለው በጣም ውድ በሆነ ማዘያ ነው፣ እንደ ኤርጎቤቢ ያለ፣ እስከ 20 ኪሎ የሚችል። ስለ ሙቀት ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ቀን ወፍራም ጥጥ ያለው ማዘያ ያዘለውንም የታዘለውንም ያቃጥላል። እንደ መረብ አየር የሚያሳልፈው ይሻላል። ልጁ ስስ ነገር ለብሶ፣ አንገቱ ጀርባ በእጅ እየተዳሰሰ። ካላበው ወይም ፊቱ ከቀላ ወዲያው ማውጣት። እሷ ራሷ ወደ ውጭ የምትወጣው ከፀሐይ በፊት ወይም ከመግሪብ በኋላ ነው። ምድጃ አጠገብና ትኩስ ሻይ ይዛ ልጅ አታዝልም፤ አንድ ጊዜ ከጎኗ ያለች ሠራተኛ ቡና አፍስሳ አይታለች። ከዚያ ሁለት መስመር ጨመረች። የራሷ ልጅ ደሴ ከእናቷ ጋር ነው። ሦስት ዓመቱ ነው። የሰው ልጅ ስታዝል ክብደቱን በእሱ ታስበዋለች። እናቷ በፎጣ ነው የሚያዝሉት።

ለዚህች እህት እዚህ ስር ከሃያ በላይ ሰው ልቡን አስቀምጧል። እኔ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ።

16ኛው መልስ መጥፎ ሰዓት ላይ አገኘኝ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ልጄን እያጠባሁ። ማን እንደሆነች አላውቅም። አማቴን ሳላማክር አደባባይ ማውጣቴን ነቀፈች። ከጎንደር ድረስ አንቀልባ ተሸክመው የመጡ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጠው እያለ ከማያውቁኝ ሰዎች ፍርድ መጠየቄ ነውር ነው አለች። ሌላም ብላለች፣ እሱን አልደግመውም። አንጀቴ ቆሰለ። ግን ቃሏ ቢመርም እውነቱ ውስጡ አለ። አልጠየቅኳቸውም ነበር። ፈርቼ ነበር።

17ኛዋ ለስለስ ባለ አነጋገር የሁሉንም ቁልፍ ሰጠችኝ። ቤትሽ ውስጥ ልጅቷን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ነው የሚያዝላት? ይህ ነው ጥያቄዋ። ባለቤትሽ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ከሆነ ቁመቱን የሚያስተካክል ማንገቻ ይፈልጋል። አማትሽ ከጧት እስከ ማታ ከሆኑ የእሳቸው ትከሻና ጉልበት ነው የሚወስነው። አንዱ ማዘያ ሁሉንም ሰው፣ ሁሉንም ዕድሜ አያገለግልም። እሷ ሁለት ነበራት፤ አንዱን ተውሳ፣ ሌላውን አሮጌ ገዝታ። ስትገዛም በኢንተርኔት ብቻ አይታ አልነበረም። ማዘያ ካላቸው ጓደኞቿ እየተዋሰች ቤቷ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ሞክራ ነው። ምን ያህል ክብደት እንደሚችልና ሞዴሉ በጉድለት ምክንያት ከገበያ ተሰብስቦ እንደሆነም ቁጥሩን አይታ ታጣራለች።

በማግስቱ ጧት ቡና ስናፈላ አማቴን ጠየቅኳቸው። እማማ፣ ይቺን ልጅ መቼ ነው በዚህ የሚያዝሏት አልኳቸው። ገርሟቸው አዩኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ከዚያ በፊት ማን ያዝላታል አሉኝ። ከዚያም በኋላ አንገቷ እስኪጠና እቅፍ ላይ ነው። አንቀልባውን ያመጡት ዛሬ እንዲታሰርባት አልነበረም፤ ጊዜው ሲደርስ ቤት ውስጥ እንዲገኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ የተጣላሁት ከማይኖር ሐሳብ ጋር ነበር። የሲያትሏ ነርስ ያለችውና አማቴ ያሉት ስንት ቀን ይለያያል? የ2ኛዋ የፎጣ እናት ቃልስ ይኸው አልነበረም?

ከዚያ የትከሻቸውን ነገር አነሳሁባቸው። 63 ዓመታቸው ነው። ቀኝ ትከሻቸውን እንደሚያማቸው ያኔ ነው የነገሩኝ። የጎረቤታችንን ዘለበታም ማዘያ ተውሰን፣ ሩዝ በከረጢት ሞልተን አስሞከርናቸው። ክብደቱ ወገባቸው ላይ ሲያርፍ ቤቱን ሁለት ዙር ዞሩበት። መቆለፊያው ግን በጀርባ በኩል ስለሆነ አይደርሱበትም፤ ሰው ካልቆለፈላቸው አይሆንም። እኔ ሥራ ስሄድ ብቻቸውን ናቸው። ይህን ማንም ማዘያ ሻጭ አልነገረኝም። ፊት ለፊት የሚቆለፍ ወይም እንደ መቀነት የሚታሰር እየፈለግን ነው።

ለአሁኑ የያዝነው ይህ ነው። ለእኔ የሚለጠጠው ጨርቅ፣ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በነፃ ያገኘሁት። ልጄ ደረቴ ላይ ሆና አናቷ ከንፈሬ ሥር ነው፤ ቁስሌንም አይነካውም። ባለቤቴ የ180 ዶላሩን ትቶ አሮጌ ዘለበታም በ60 ዶላር አገኘ፣ መቀመጫው ሰፊ፣ ማሰሪያው ያልላላ። አንቀልባው ቁም ሳጥን ላይ ነው።

18ኛዋ በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ የምትበር እናት ናት። አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ልጇን ማዘያ ውስጥ ይዛ መቀመጥ ይፈቀድላት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ጠየቀች። የአሜሪካ ሕግ አይፈቅድም፤ ያኔ ልጁ ከማዘያው ወጥቶ ይያዛል። በጣቢያው ውስጥ ለመዞር ግን ማዘያ ከጋሪ ይሻላል።

19ኛው የባሕር ዳሩ አባት ነበሩ፣ ተመልሰው። ማንገቻው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ እንደወደቀ ነገርኳቸው። ገላው ደህና ከሆነ ማንገቻውን ብቻ መቀየር እንደሚቻል ጻፉልኝ። እዚህ ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄው ነበር፤ እንዲህ ያለ ቆዳ በማሽን አልሰፋም ብሎ መለሰልኝ። የሚያስፈልገው በእጅ የለፋ፣ ጣት የሚወፍር የበሬ ቆዳ ጠፈር ነው፣ ሁለቱም ማንገቻ እኩል እንዲሆን አራት ክንድ ያህል። ልጄ ክርስትና ልትነሳ ገና አራት ሳምንት አላት፣ አንገቷም እስኪጠና ጊዜ አለን። ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር ወደ ዲሲ አካባቢ የሚመጣ ሰው ያላችሁ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ።